የመኪናዋን መሪ ማን መለሰው?

ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ኖሯል። የልጄን ሞት ማለቴ አይደለም። ሞቱንስ የሰጠ አምላክ መቻያውንም ይሰጣል ብዬ ይዤዋለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ከሞቱ በኋላ ያደረጉት ነው። ልጄ በሞተበት ማሰልጠኛ ጋራዥ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ በመስታወት አድርገው ሰቀሉ። ፎቶው ላይ አፍንጫዋን መሬት የተከለች የውድድር መኪና አለች። ከሥሩ «በገዛ ቸልተኝነቱ የሞተ ሰልጣኝ» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ ሰልጣኝ በገባ ቁጥር እዚያ ያቆሟቸውና «እንደ እሱ እንዳትሆኑ» ይሏቸዋል። ሰው አንዴ ነው የሚሞተው፤ የኔን ልጅ ግን በየዓመቱ ይገድሉታል።

እኔ ብዙ ትምህርት የለኝም፤ ፊደል ቆጥሬ ነው የተውኩት። ያንን ጽሑፍ ግን እየለቀምኩ አንብቤዋለሁ። ልብስ ንጽህና ቤት ውስጥ ተኳሽ ነኝ። የሰው ሸሚዝ ላይ ካውያ ስገፋ ያ ጽሑፍ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ማሰልጠኛው ሁለት ክፍል ነው። ጠዋት የመኪና ጥገና፣ ከሰዓት የውድድር መኪና። ልጄ ሁለቱንም ይማር ነበር። «አንዱ አይበቃህም?» ስለው «ጠዋት የምማረው ሆዴን ይሞላል፣ ከሰዓት የምማረው ደግሞ ልቤን፤ የትኛውን ባዶ ላድርገው እማ?» ይለኛል። ማታ ቱታውን ሳጥብ የጠዋቱ ቆሻሻ የቱ፣ የከሰዓቱ የቱ እንደሆነ ለይቶ ያሳየኝ ነበር።

ያኔ የተባለው ይህ ነው። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንሥቶ፣ ደግፈው የሚይዟትን የብረት እግሮች ሳያቆም ሥሯ ገባ፤ ክሪኩ ተንሸራተተ፤ ወደቀችበት። ክሪኩ ወድቆ ተገኘ፣ እግሮቹ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ተገኙ። በቃ። መዝገቡ ተዘጋ።

እኔ ግን አልተዘጋሁም። በየዓመቱ ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ «ልጄ እንዲህ አያደርግም» እላለሁ። በየዓመቱ ሌላ ሰው «እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው» ብሎ ይሸኘኛል። ዘንድሮ ስሄድ አዲስ መርማሪ ተመድቦ አገኘሁ። ጡረታው የተቃረበ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ስንጥር ከአፉ የማይለየው ሰውዬ ነው። «ይቀመጡ» አለኝ። ከዚያ በፊት ተቀመጪ ያለኝ አልነበረም።

«ልጅዎ ቤት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ።

«ካውያ ይጠግንልኝ ነበር።»

«ሲጠግን ከምን ይጀምራል?»

«ሶኬቱን ነቅሎ እኔን ያስይዘኛል። ‹ሳልነግርሽ እንዳትለቂው› ይለኛል። እኔም እንደ ሞኝ ሶኬት ታቅፌ እቀመጣለሁ።»

«ከተነቀለ መች አነሰው? ለምን ያስይዝዎታል?»

«ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይሰካው ነዋ።»

ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። «ሶኬት የሚያስይዝ ልጅ ያለ ብረት እግር መኪና ሥር አይገባም» አለ። «ይነሡ፣ እንሂድ።»

እኔ አልቅሼ አላውቅም ጣቢያ ውስጥ። ያን ቀን አለቀስኩ።

ጋራዡ ስንደርስ ዳይሬክተሯ በር ላይ ተቀበለችን። ፊቷ አልተፈታም። «ቁስል መነካካት ለእርስዎም አይጠቅምዎትም እናቴ» አለችኝ።

«ቁስሉማ ግድግዳሽ ላይ ነው የተሰቀለው» አልኳት።

መርማሪው ፎቶው ሥር ቆሞ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋ። «እህቴ፣ እዚህ ላይ ምን ያያሉ?» አለኝ።

«የልጄን ውርደት።»

«እሱን ይተዉትና ዕቃ ዕቃውን ይንገሩኝ።»

እየጠላሁ አየሁት። «መኪናዋ ተደፍታለች። ክሪኩ ተጋድሟል። ከኋላ ግድግዳው ሥር ሁለቱ የብረት እግሮች አሉ። መሬቱ ላይ በቀለም አራት ማዕዘን ተሠርቶላቸው መሐሉ ላይ ልክ ቆመዋል። በመስኮቷ ደግሞ መሪዋ ይታያል።»

«መሪው የት ነው?»

«ቦታው ላይ ነዋ። ሌላ የት ሊሆን?»

መኪናዋን አሳዩኝ አለ። ጓዳው ውስጥ ሸራ ለብሳ ነበረች። «ገፍተን አስገባናት፤ ከዚያ ወዲህ የነካት የለም» አለች ዳይሬክተሯ። መርማሪው ያንን ጉልበቱን ይዞ መሬት ተጋደመ፤ ባትሪ አብርቶ ሥሯን ሲያይ ቆየ። ሲነሣ ቱታ የለበሱ ሁለት ሰልጣኞች ደግፈው አነሡት። «ከዚህች መኪና ይልቅ ጥገና የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ» አላቸው። ሳቁ። እኔን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት።

መጀመሪያ ያነጋገረው የልጄን ባልንጀራ ነው። ዝርክርክ ይሉታል። ሥራውን ያውቃል፣ ዕቃውን ግን የጣለበትን አያውቅም። ዛሬ የከሰዓቱ ክፍል ረዳት አስተማሪ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ መፍቻው ከምሳ ዕቃው ጋር፣ ምሳ ዕቃው ከዘይት ጨርቁ ጋር ተደባልቋል።

«እትዬ፣ እንደምን ነዎት?» አለና ተነሥቶ ሳመኝ። የሚቀመጥበት ስለጠፋ አንድ ጎማ አንከባሎ አመጣልኝ።

«ያን ቀን የት ነበርክ?» አለው መርማሪው።

«ቡሎን ልገዛ ተልኬ። ቡሎኑን ይዤ ስመጣ ሰው ተሰብስቧል።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ እየገለበጠ «ቡሎኑ እስካሁን አለ» አለ።

«የውድድር መኪና ቁልፍ አላት?»

«የላትም። ማስነሻው መሪው ላይ ነው ያለው፣ በአውራ ጣት የሚጫኑት ነገር ነው። መሪው ደግሞ በአንድ እጅ ይነቀላል። ሰው ሥሯ ሲገባ መሪውን ነቅሎ ጣራዋ ላይ ያስቀምጠዋል። ጣራ ላይ መሪ ካየህ ሥሯ ሰው አለ ማለት ነው። የከሰዓት ሰው እጁ ቢቆረጥ አይነካውም።»

«የጠዋቶቹም ያውቁታል?»

«አሁንማ ያውቁታል። መምህር በቦታው የምንላቸው የጠዋቱ አስተማሪ ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን ነው የሚያስተምሯቸው።»

«ድሮም ያስተምሩ ነበር?»

«ኧረ ድሮ! ከሰዓት ክፍልን ‹የልጆች መጫወቻ› ነበር የሚሉን። በራችንን ማየት አይፈልጉም ነበር።» ራሱን አከከ። «የጀመሩት ከ... ከእሱ በኋላ ነው መሰለኝ።»

«የሞተው ልጅ መኪና አንሥቶ ሲገባ ማርሽ ያስገባል ወይስ ባዶ ይተዋል?»

«ያስገባል። ጠዋት እንደዚያ ነው የሚማሩት፣ እንዳትንሸራተት። ያቺ መኪና ደግሞ ክብደቷ እንዲቀንስ የእጅ ፍሬኗ ወጥቷል። እኛ ዘንድ ባዶ ነው የምንተወው። ‹አንተ ሁለት ጊዜ ነው የምትጠነቀቀው› ብዬ እስቅበት ነበር።»

ይህን ሲል አላየኝም።

መምህር በቦታው የጠዋቱ ክፍል አስተማሪ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ «ዕቃ በቦታው» ሲሉ ስለሚውሉ ሰልጣኞቹ እንዲህ አሏቸው። ጋራዣቸው ውስጥ እያንዳንዱ መፍቻ የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ቅርጹ በቀለም ተነድፏል። የጎደለ እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል። ለልጄ ቀብር የመጡት ከሁሉ ቀድመው ነው። እጄን ይዘው «ቃል ሳይተነፍስ ነው የሄደው፤ አልተሰቃየም» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ያቺን ቃል ስንት ሌሊት ተንተርሻት ተኝቻለሁ።

መርማሪው እያወራ ከጠረጴዛቸው ላይ አንድ መፍቻ አንሥቶ ሌላ ጥግ አኖረ።

«ያን ቀን የት ነበሩ መምህር?»

«ዕቃ ግምጃ ቤት። ስትወድቅ ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ። ሞቷል።» እያወሩ መፍቻውን አንሥተው ቦታው መለሱት። እጃቸውን አላዩትም።

«ብረት እግሮቹ?»

«ግድግዳው ሥር ነበሩ። አላወጣቸውም።»

«መሪ ጣራ ላይ ሲቀመጥ ምን ማለት ነው?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የውድድር ክፍሉን ነገር አላውቅም» አሉ።

መርማሪው አመስግኖ ወጣ። ውጭ ላይ «ምነው ዝም አሏቸው? ዝርክርክ ያለውን አልሰሙም?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። አሁን ብጠይቃቸው ሌላ ውሸት ይጨምራሉ። አንዱ ይበቃኛል።»

የቀረው ሹፌሩ ነው። ያኔ ጥይት ይሉት ነበር። መኪናዋን ውድድር ላይ የሚነዳት እሱ ነው። ልጄ ከሞተ በኋላ ውድድር ተወ። አሁን የዳቦ ማመላለሻ መኪና ይነዳል። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ አገኘነው።

«አንተን የመሰለ ፈጣን ልጅ ዳቦ ማመላለስ ምን አመጣህ?» አለው መርማሪው።

«ዳቦ ቢወድቅ አይሞትም።»

«ያን ቀን የት ነበርክ?»

«ግቢ ውስጥ። የራስ ቁሬን እያጠለቅኩ። ድምፅ ሰማሁ።»

«አልገባህም?»

«አልገባሁም።»

«መንዳት ከመጀመርህ በፊት መኪናዋን አታሞቃትም?»

«ያን ቀን አላሞቅኳትም።» ወደ እኔ ዞሮ «እናቴ፣ ዳቦ ልስጥዎት?» አለ። አልተቀበልኩትም። ወደ መኪናው ሄደ። ከመግባቱ በፊት ተንበርክኮ ሥሯን አየ፤ ዞሮ በሌላው በኩልም አየ። ከዚያ ነው የገባው። መርማሪው ስንጥሩን እያኘከ መኪናው እስኪሰወር ተከተለው በዓይኑ።

«የዳቦ መኪና ሥር ማን ይተኛል?» አለ።

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው። ዳይሬክተሯ፣ መምህር በቦታው፣ ዝርክርክ፣ ጥይት። መኪናዋ ሸራዋ ተገፍፎ መሐል ቆማለች። ለእኔ ወንበር አመጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። መርማሪው ተቀመጠ።

«ጉልበቴ ስለማይችል ተቀምጬ ልናገር» አለ። «ከመኪናዋ እጀምራለሁ። ሰው ይረሳል፣ ይዋሻል፤ ብረት ግን የተጫረበትን ይዞ ይቆያል። የዚህች መኪና ሆድ ላይ፣ የብረት እግሮቹ በሚደግፉበት በግራም በቀኝም ጭረት አለ። ክንድ ያህል ይረዝማል፣ ከፊት ወደ ኋላ የሄደ ነው፣ ዝጎበታል። ክሪክ ከድቷት ብትወድቅ ኖሮ ቁልቁል ነበር የምትወድቀው፤ እንዲህ አትጫርም። ይህች መኪና እግሮቹ ላይ ቆማ ሳለ ወደ ፊት ሄዳለች። እግሮቹ ነበሩ። ልጁ አቁሟቸዋል።»

የዳይሬክተሯ እጅ አፏ ላይ ሄደ። እኔ የመኪናዋን በር ያዝኩ።

«ማን አስኬዳት? የኋላ ጎማዎቿ መሬት ላይ ነበሩ፤ የሚገፏትም እነሱ ናቸው። ማርሽ ገብቷል። ማስነሻዋን አንድ ሰው ቢነካው ትዘላለች። ነገር ግን ማስነሻው መሪው ላይ ነው፤ መሪው ደግሞ ተነቅሎ ጣራ ላይ ነበር።»

«እሱን በምን አወቁ?» አለች ዳይሬክተሯ።

«በካውያ» አለ። «እናቱ ይንገሩሽ፣ በኋላ። ይህ ልጅ ሶኬት ነቅሎ ሰው የሚያስይዝ ልጅ ነው። ማርሽ ማስገባቱም ቢሆን መሪው እስከተነቀለ ድረስ ማንንም አይጎዳም። በጠዋቱም ሕግ፣ በከሰዓቱም ሕግ ተጠንቅቋል። እንግዲህ ፎቷችሁን እዩት። መሪው ቦታው ላይ ነው። መኪና ሥር የተኛ ሰው መሪ አይገጥምም። ማን ገጠመው? ዝርክርክ ሊሆን አይችልም፤ ሕጉን ያውቃል። ጥይትም ያውቃል። ጣራ ላይ የተቀመጠ መሪ አይቶ ‹ይህ ዕቃ ያለ ቦታው ምን ይሠራል› የሚል የከሰዓቱን ወግ የማያውቅ ሰው ነው። የወደቀ ሲያይ የሚያነሣ፣ የተዛባ ሲያይ የሚያቃና ሰው።»

ማንም ወደ መምህሩ አልዞረም። ሁሉም ግን መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«በፎቶው ላይ ብረት እግሮቹ ግድግዳው ሥር የቀለሙ መሐል ልክ ቆመዋል። አንድ ሰው ከሞተ ልጅ አጠገብ አንሥቶ ነው የወሰዳቸው። ጥፋት ሊሸፍን የቸኮለ ሰው የትም ይጥላቸው ነበር። የዚህ ሰው እጅ ግን የት እንደሚያኖር ባለቤቱን አይጠይቅም። መምህር፣ ትናንት መፍቻ አዛብቼ ነበር፤ እየተነጋገርን አቃኑት። ስለ ጣራው መሪ ስጠይቅዎት አላውቅም አሉኝ። ሰባት ዓመት ሲያስተምሩት ኖረዋል።»

መምህሩ አልካዱም። «እኔ ነኝ የመለስኩት» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። «የዘነጉት መሰለኝ። ሰልጣኝ ዕቃ ጥሎ ሄደ ብዬ ገጠምኩትና ወደ ግምጃ ቤት አለፍኩ። ዝቅ ብዬ አላየሁም። ማስነሻውን ግን አልነካሁም። በልጆቼ እምላለሁ፣ አልነካሁም።»

«አውቃለሁ» አለ መርማሪው። «እርስዎ አልነኩትም።»

ጥይት ሳይጠየቅ ተናገረ። «ስገባ መሪው ቦታው ላይ ነበር።» እንባው ሳይሆን ላቡ ነበር የሚወርደው። «ሁልጊዜ እግሮቹ ላይ እንዳለች ነው የማሞቃት። መሪው ቦታው ካለ ሰው የለም ማለት ነው። በመስኮት እጄን አስገብቼ ማስነሻውን ተጫንኩት። ዘለለች። የልጁን እግር ከሥሯ አየሁ፤ ሮጥኩ። ስመለስ የብረት እግሮቹ የሉም። ‹ሳያቆማቸው ነው የገባው› ሲባል... እኔ ያየሁትን ራሴን ተጠራጠርኩ። ደስም አለኝ፣ እናቴ። ለዚያ ነው ዓይንዎን ማየት የማልችለው።»

ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘው በአንድ ከተማ ሰባት ዓመት ኖረዋል። አንዱ የሌላውን አያውቅም።

እኔ ወደ መምህሩ ሄድኩ። «እግሮቹን ለምን አነሡ?» አልኳቸው።

«ካሉ፣ እንዴት ወደቀች ይባላል። ማን አስነሣት፣ መሪውን ማን ገጠመው ይባላል።»

«የመሪውን ነገር ያኔ አያውቁትም ነበር አሉ እኮ። ማን ነገረዎት?»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ይህን ጊዜ ግን አልጠረጉትም። «እሱ» አሉ። «ስደርስ በሕይወት ነበር። ‹መምህር፣ መሪውን ጣራ ላይ አድርጌው ነበር እኮ› አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ልጠራ ወጥቼ ስመለስ አልፏል፤ ሰዉ ሳይደርስ ነው እግሮቹን ያነሣሁት።»

ልጄ ሊሞት ሲል እንኳ የተናገረው ያንን ነው። እኔ አላጠፋሁም ብሎ ነው የሄደው፤ የነገረውም ለዚያ መሪውን ለመለሰው ሰው ነው።

መምህሩ ሊንበረከኩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። «እዚያ ጋ ይቆዩ» አልኳቸው። «ይቅርታውን ቆይተን እናየዋለን። በመሪው አልፈርድብዎትም፤ ሰው ይሳሳታል። የልጄን ስም ሲገድሉ ግን ቀስ ብለው፣ አስበው ነው። መጀመሪያ ጣቢያ ሄደው ቃልዎን ይስጡ።» ሄዱ። ጥይትም ተከተላቸው። መርማሪው ከኋላቸው እያነከሰ ሄደ። በር ላይ ሲደርስ ዞሮ ጎንበስ አለልኝ፤ እኔም ጎንበስ አልኩለት።

ዳይሬክተሯ ፎቶውን ዛሬውኑ አወርደዋለሁ አለች። «አውርጂው» አልኳት። «እኔ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። አዲሶቹ ሲገቡ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጪልኝ። የምነግራቸው አለኝ።»

«እናቴ፣ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ ተሰብስበው አያውቁም።»

«አውቃለሁ። ልጄን የገደለው እሱ ነው።»

በገቡ ቀን ሄድኩ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ክፍሉ ሞልቷል፣ ቱታቸው ገና የአዲስ ጨርቅ ሽታ አለው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። የጠዋቱን ሕግ፣ የከሰዓቱን ሕግ፣ የመለሰውን፣ የተጫነውን፣ የዋሸውን። አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። «እማማ፣ ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» አለችኝ።

«እኔ መካኒክ አይደለሁም» አልኳት። «ዝቅ ብላችሁ እዩ። አይታችሁም ተጣሩ። የማታውቁት ዕቃ ያለ ቦታው ካያችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ማን አኖረው ብላችሁ ጠይቁ።»

ከዚያ ለሰባት ዓመት በዚያ ቤት ማንም ያልጠራውን የልጄን ስም ከነአባቱ ነገርኳቸው። ደግማችሁ በሉልኝ አልኩ። ሁሉም አሉት።